በእግር የሚታጠፍ መኪና፦ የጣሊያን ፈጣን መኪኖችን በእሽቅድድም ጨዋታ መንዳት

የመኪና እሽቅድድም ጨዋታ የሚወድ ሰው በጨዋታው ውስጥ ትንሽ ገንዘብ ሲያጠራቅም የመጀመሪያ ምኞቱ ብዙውን ጊዜ ቀይ ፌራሪ ወይም ቢጫ ላምቦርጊኒ ነው። ምኞቱ ይሰምራል፣ መኪናው ጋራዥ ይገባል። ከዚያ በመጀመሪያው ጠበብ ያለ ኩርባ ላይ መኪናው ተሽከርክሮ ፊቱን ወደ መጣበት ያዞራል። በሁለተኛውም ኩርባ እንደዚያው። አጠገቤ ተቀምጠው ሲጫወቱ ካየኋቸው ሰዎች ብዙዎቹ እዚህ ሲደርሱ ወይ ወደ ለመዱት መኪና ይመለሳሉ፣ ወይ ደግሞ የአነዳድ ድጋፎቹን ሁሉ ከፍተው ፌራሪውን እንደ ማንኛውም የቤት መኪና ይነዱታል። ሁለቱም ያሳዝኑኛል። እነዚህ መኪኖች ጠባይ አላቸው፤ ጠባያቸውን ለያዘ ሰው ደግሞ በጨዋታ ዓለም ውስጥ ከእነሱ የሚበልጥ ደስታ አላውቅም። ለዓመታት ስነዳቸው የያዝኩትን እዚህ አሰፍራለሁ፤ አዲስ ጀማሪ ከሆናችሁ ብዙ ድካም ይቀንስላችኋል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከሞተሩ ቦታ ነው። ላምቦርጊኒ በ1966 ሚዩራን ይዞ ሲመጣ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባለ 12 ሲሊንደሩን ሞተር ከሹፌሩ ጀርባ በአግድም አስቀመጠው። ከዚያ ወዲህ ከጣሊያን ከወጡት ስመ ጥር ፈጣን መኪኖች አብዛኞቹ፣ ከላምቦርጊኒ ኩንታሽ እስከ ፌራሪ ኤፍ 40፣ ከፌራሪ 458 ኢታሊያ እስከ ፓጋኒ ሁዋይራ፣ ሞተራቸው ከመቀመጫው ኋላ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት ነው። ሞተራቸው ከፊት የሆነ ውብ ፌራሪዎችም አሉ፤ የእነሱ አነዳድ ግን ሌላ ስለሆነ ለጊዜው አልፋቸዋለሁ። ፌራሪ 458ን ብንወስድ ከክብደቱ 42 በመቶው ያረፈው በፊት ጎማዎች፣ 58 በመቶው ደግሞ በኋላ ጎማዎች ላይ ነው። ዋናው ክብደት ወደ መሀል ስለተሰበሰበ መኪናው መሪውን ገና ነካ ስታደርጉት ይታጠፋል። መታጠፍ የሚቀለውን ያህል መሽከርከርም ይቀለዋል።

ጀማሪን የሚጥለው አንድ ቅጽበት አለ። ኩርባው ውስጥ ገብታችኋል፣ ፍጥነቱ የበዛ መሰላችሁ፣ ደንግጣችሁ እግራችሁን ከነዳጅ ፔዳሉ ላይ ባንዴ ታነሳላችሁ። ሞተሩ ከፊት በሆነ መኪና ይህ ብዙ ጊዜ ያድናል። እዚህ ግን ነዳጁ ሲቋረጥ ክብደቱ ወደ ፊት ይዘነብላል፤ የፊት ጎማዎቹ መንገዱን አጥብቀው ሲይዙ የኋላዎቹ ደግሞ ይቀላሉ፣ ይለቃሉም። ከባድ ሸክም በጀርባው ያዘለ ሰው እየሮጠ ድንገት ሲዞር ሸክሙ ወደ ጎን ይዞት እንደሚሄድ፣ ከኋላ ያለው ሞተር መኪናውን ይዞት ይዞራል። ብዙ ሰው ጥፋቱን የሚፈልገው እጁ ላይ ነው፤ መሪውን አበዛሁት ይላል። ቀረጻውን መልሳችሁ ስታዩት ግን ከመሽከርከሩ ትንሽ ቀደም ብሎ የተንቀሳቀሰው እግሩ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ኩርባ ውስጥ ማንኛውንም ነገር በድንገት አለማድረግ ነው። ነዳጁን ቀስ ብሎ መስጠት፣ ቀስ ብሎ ማንሳት። ፍጥነት መቀነስ ካለበት ሥራው የሚያልቀው ኩርባው ሳይጀምር፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። ይህ ከገባችሁ በኋላ ወደሚጣፍጠው ክፍል እንሄዳለን፤ ፍሬኑን እየለቀቁ መታጠፍ። ቀጥታው መንገድ ላይ ፍሬኑን ጠንከር አድርጋችሁ ትይዛላችሁ፤ መሪውን ማዞር ስትጀምሩ ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ አትለቁትም፤ መሪው በዞረ መጠን እግራችሁን ጥቂት በጥቂት ታነሳላችሁ፤ የኩርባው የውስጥ ጠርዝ ላይ ስትደርሱ ፍሬኑ ያልቃል። በፊት ጎማዎቹ ላይ የቆየው ክብደት አፍንጫውን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ የኋላውም በጣም በትንሹ ወደ ውጭ ይከፈትና መታጠፉን ያግዛል። መሪውን ሳትጨምሩ መኪናው በእግራችሁ ሲታጠፍ የተሰማችሁ ዕለት ሌላ ዓይነት መኪና መንዳት አያምራችሁም።

ይህን የምለማመድበት ቦታ በጣሊያን የሚገኘው የሞንዛ የእሽቅድድም መንገድ ነው፤ ለጀማሪም ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው እሱን ነው። አንዱ ዙር 5.793 ኪሎ ሜትር ሲሆን የኩርባዎቹ ቁጥር ትንሽ ነው፤ አንዱን ከሌላው ጋር ሳታደባልቁ አንድ በአንድ ማጥናት ትችላላችሁ። ለዚህ ትምህርት የሚበጀው የመጨረሻው ኩርባ ነው። ለረጅም ጊዜ ፓራቦሊካ ሲባል የኖረ ሲሆን ከ2021 ጀምሮ በጣሊያናዊው የእሽቅድድም ሹፌር በሚኬሌ አልቦሬቶ ስም ተሰይሟል። ወደ ቀኝ የሚዞር ረጅም ኩርባ ነው፤ መግቢያው ጠበብ ይላል፣ ወደ መውጫው ሲሄድ ደግሞ እየሰፋ ይከፈታል። በ458 እንዲህ እነዳዋለሁ፦ ፍሬኑን ቀጥታው ላይ ጨርሼ፣ የመጨረሻውን ጥቂት ግፊት ይዤ እገባለሁ። አፍንጫው ወደ ውስጥ ሲዞር ፍሬኑን ለቅቄ ወዲያው ነዳጁን በጣም በትንሹ እነካዋለሁ። ይህ ነዳጅ ፍጥነት ለመጨመር አይደለም፤ የኋላ ጎማዎቹ ላይ ክብደት እንዲቀመጥ ነው። ከዚያ እጠብቃለሁ። ከሁሉም የሚከብደው ይህ መጠበቅ ነው፤ መውጫው ገና ሳይታይ እግር መጫን ያምረዋል። መውጫው ታይቶ መሪውን መፍታት ስጀምር ብቻ፣ መሪው በተፈታ ልክ ነዳጁን እጨምራለሁ። መሪና ነዳጅ በተቃራኒ የሚሄዱ ናቸው፤ አንዱ ሲበዛ ሌላው ማነስ አለበት።

458ን ለትምህርት የምመርጠው በምክንያት ነው። 4.5 ሊትር፣ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተሩ ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ በግፊት የሚያስገባ ጉልበት መጨመሪያ) የለውም፤ 570 የፈረስ ጉልበቱን የሚያወጣው በደቂቃ 9,000 ዙር ላይ ነው። ተርቦ ስለሌለው እግራችሁ ያዘዘውን ያህል ብቻ፣ ባዘዘበት ቅጽበት ይሰጣል። ከ458 በፊት ደግሞ ጉልበቱ ያነሰ መኪና ብትነዱ ይሻላል። ፌራሪ የሠራው ዲኖ 246 ወደ 195 የሚጠጋ የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው ያለው፤ አልፋ ሮሜዮ 4ሲ 240 አለው። ሁለቱም ሞተራቸው ከሹፌሩ ጀርባ ነው፤ የሚያስተምሩትም ያንኑ ነው፤ ልዩነቱ ለመታረም ጊዜ መስጠታቸው ነው። በጨዋታችሁ ውስጥ ካገኛችኋቸው አትለፏቸው። በዲኖ ንጹሕ ዙር መንዳት የቻለ ሰው ወደ 458 ሲሸጋገር የሚጠብቀው አዲስ ነገር ፍጥነቱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ኤፍ 40 ልምጣ፤ ከሁሉ አብልጬ የምወደው መኪና ስለሆነ ትንሽ ልዘግይበት። በ1987 የወጣ፣ የድርጅቱ መሥራች ኤንዞ ፌራሪ በሕይወት ሳለ ፈቃዱን የሰጠበት የመጨረሻው የመንገድ መኪና ነው፤ እሱ በ1988 አረፈ። ሞተሩ 2.9 ሊትር ብቻ ነው፤ ግን ሁለት ተርቦ አለው፣ 478 የፈረስ ጉልበትም ያወጣል። ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤቢኤስ የለውም። የጎማ መሽከርከርን የሚቆጣጠር ኤሌክትሮኒክስ የለውም። የመሪ አጋዥ እንኳ የለውም። ጥሩ የእሽቅድድም ጨዋታ ይህን ሁሉ ባዶነት ወደ እጃችሁ ያመጣዋል። አሴቶ ኮርሳ በተባለው ጨዋታ ውስጥ ድጋፎቹን እያንዳንዱ እውነተኛ መኪና በያዘው ልክ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ በዚያ ምርጫ ኤፍ 40 ላይ ስትቀመጡ ምንም የሚያግዛችሁ የለም።

የኤፍ 40 ችግር የተርቦው መዘግየት ነው። ተርቦውን የሚያዞረው ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ነው፤ የሞተሩ ዙር ዝቅ ሲል ጭሱ ያንሳል፣ ተርቦውም ይተኛል። ነዳጁን ስትረግጡ ለጥቂት ጊዜ ምንም የመጣ አይመስልም፤ ከዚያ ዙሩ ወደ 4,000 ሲጠጋ ጉልበቱ ሁሉ ባንዴ ይደርሳል። ሞንዛ ላይ ሁለተኛውን የሌስሞ ኩርባ በዚህ መኪና የነዳ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል። ከኩርባው ለመውጣት ነዳጁን ትሰጣላችሁ፣ ምንም አይመጣም፣ ትጨምራላችሁ፣ አሁንም ምንም፤ ሙሉ በሙሉ ትረግጡትና ልክ መሪው ገና ዞሮ ሳለ የኋላ ጎማዎቹ በመላ ጉልበታቸው ይፈተለካሉ። መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛው በኩርባው ውስጥ ዙሩ ከ4,000 በታች እንዳይወርድ ማርሽን ቀደም ብሎ መምረጥ ነው። ሁለተኛው እግርን ከጉልበቱ ማስቀደም ነው፤ ጉልበቱን ከምትፈልጉበት ቦታ ቀደም ብላችሁ ነዳጁን በግማሽ ያህል ትሰጡና ተርቦው እስኪነቃ በዚያው ትይዛላችሁ፤ ፉጨቱ ከፍ ሲል ስትሰሙ መሪው ቀድሞ መፈታት መጀመር አለበት። ፉጨቱን ማዳመጥ ከመቁጠሪያው መርፌ የበለጠ ይረዳል፤ ዓይናችሁ መንገዱ ላይ ይቆያልና። ስለዚህ እነዚህን መኪኖች ስነዳ የጨዋታውን ሙዚቃ ሁልጊዜ አጠፋለሁ።

ኤቢኤስ በሌለው መኪና ፍሬን መያዝም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። የመጀመሪያው ግፊት ጠንካራ ይሁን፣ ከዚያ ፍጥነቱ በወረደ መጠን ግፊቱም ይውረድ። በፍጥነት ስትሄዱ ጎማው የሚችለውን ግፊት ፍጥነቱ ሲቀንስ አይችለውም፤ ይቆለፋል፣ ሲቆለፍ ደግሞ መሪው ከንቱ ነው። ማርሽ ስትቀንሱም እንዲሁ ነው። በፍሪሲዮንና በእጅ ማርሽ የምትነዱ ከሆነ ወደ ታች በቀነሳችሁ ቁጥር ነዳጁን ለቅጽበት ነካ አድርጋችሁ የሞተሩን ዙር ከፍ አድርጉት፤ አለዚያ ፍሪሲዮኑን ስትለቁ የኋላ ጎማዎቹ ይቆነጠጡና ፍሬን ላይ እያላችሁ መኪናው ይዞራል። ሚዩራና ኩንታሽን ስትነዱ ይህ በጣም ያስፈልጋችኋል፤ ለእነሱ ፍሬኑንም ከዘመናዊዎቹ በጣም ቀደም ብላችሁ ያዙ።

ላምቦርጊኒን የሚመርጡ ሰዎች አንድ ነገር ይወቁ። ከዲያብሎ ቪቲ ጀምሮ ብዙዎቹ ላምቦርጊኒዎች በአራቱም ጎማ የሚነዱ ናቸው፤ ስለዚህ ጠባያቸው ከፌራሪው ይለያል። ከኩርባ ሲወጡ ነዳጁን ቀደም ብላችሁ ብትሰጡ ይታገሳሉ፤ ሲገቡ ግን በፍጥነት ከገባችሁ አልታጠፍ ይላሉ፣ አፍንጫቸው ወደ ውጭ ይሄዳል። በዚያን ጊዜ መሪውን ይበልጥ ማዞር ያባብሰዋል። መሪውን ትንሽ መልሳችሁ፣ ነዳጁን በልስላሴ ቀንሳችሁ የፊት ጎማዎቹ እስኪይዙ ጠብቁ። ልዩነቱን በራሳችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ሁራካን ጥሩ መምህር ነው፤ በአራት ጎማ የሚነዳው ባለ 610 የፈረስ ጉልበትና በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳው ባለ 580 የፈረስ ጉልበት ሁለቱም ተሠርተዋል። ሁለቱ ባሉበት ጨዋታ አንዱን ኩርባ በሁለቱም መኪና ነድታችሁ ብታወዳድሩ ከብዙ ጽሑፍ የበለጠ ትማራላችሁ። እኔ የኋላውን እመርጣለሁ። አራት ጎማው በሰዓት ሲለካ ያዋጣል፤ ሁለት ጎማው ግን ያነጋግራል።

ድጋፎቹን በተመለከተ ሁሉንም ባንዴ ማጥፋት ጀግንነት ነው ብለው የሚያስቡ አሉ፤ አልስማማም። ፌራሪ ራሱ ከ2004ቱ ኤፍ 430 ጀምሮ መሪው ላይ ማኔቲኖ የሚባል ትንሽ መቀየሪያ አስቀምጧል፤ ሹፌሩ እንደ መንገዱና እንደ ችሎታው የድጋፉን መጠን የሚመርጥበት ነው። እውነተኛው መኪና ድጋፍ ካለው እናንተም ብትጠቀሙበት ማንም አይወቅሳችሁም። መጀመሪያ የሚጠፋው የመኪናውን መዞር በራሱ የሚያስተካክለው የመረጋጋት ድጋፍ ይሁን፤ ከላይ የነገርኳችሁን የክብደት ጨዋታ የሚደብቅባችሁ እሱ ነው። የኋላ ጎማን መሽከርከር የሚገታውን በደረጃ ቀንሱት። ኤቢኤስን በመጨረሻ አጥፉ። በኮምፒውተሩ የሚሳለውን የመንገድ መስመር ግን ገና ከጅምሩ ብታጠፉት ይሻላል፤ ዓይናችሁ መስመሩ ላይ ተተክሎ ይቀርና ኩርባውን ማየት አይለምድም።

መሪና ፔዳል ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ ቢሆንም በጆይስቲክም ይቻላል። በጆይስቲክ ሲሆን የጠቋሚ ጣቶቻችሁ እግር ይሆናሉ፤ የኋላ ቁልፎቹን እስከ መጨረሻው የመጫን ልማድ ካላችሁ መጀመሪያ የምትጥሉት እሱን ነው። የነዳጅ ቁልፉን በግማሽ ይዛችሁ አንድ ሙሉ ዙር ለመንዳት ሞክሩ፤ ጣት ግማሽን ሲለምድ ቀሪው ይቀላል። መሪ ላላቸው ደግሞ መሪው በእጅ ላይ የሚያሳድረውን ግፊት ከፍ ባደረጋችሁት ቁጥር እውነተኛ የሚሆን ይመስላል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን መሣሪያው ከአቅሙ በላይ ይታዘዝና ጥቃቅኑ ስሜት ይጠፋል። የምትፈልጉት ያንን ጥቃቅን ስሜት ነው፤ የፊት ጎማ ሊለቅ ሲል መሪው በእጃችሁ ላይ ቀለል የሚልበትን ቅጽበት። እስኪሰማችሁ ድረስ ግፊቱን ዝቅ አድርጉት። ካሜራውንም ከመኪናው ኋላ አንስታችሁ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ሞተር ክዳኑ አምጡት፤ የኋላው ሲከፈት አድማሱ ራሱ ይንቀሳቀስባችኋል፣ እጃችሁም ቀድሞ ይደርሳል።

ጉልበት መጨመሪያ ዕቃ በሚሸጥባቸው ጨዋታዎች ውስጥ ገንዘባችሁን ሞተር ላይ አታውጡ። ጎማና ፍሬን ይቅደሙ። አብዛኞቹ እነዚህ መኪኖች ከበቂ በላይ ጉልበት ይዘው የተወለዱ ናቸው። ጎማውም ሙቀት ይፈልጋል፤ ሙቀትን በሚያሰላ ጨዋታ ውስጥ የመጀመሪያው ዙር ለማሞቅ ብቻ ነው፣ ጎማው ሳይሞቅ የያዛችሁት ሰዓት ምንም አይነግራችሁም።

የትኛውን ጨዋታ እንደምመክር ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ጣሊያናዊ መኪና የቪዲዮ ጨዋታ ጌጥ ከሆነ ቆይቷል፤ በ1987 የወጣው ቴስት ድራይቭ ቴስታሮሳንና ኩንታሽን ይዞ ነበር፣ የ1994ቱ ኒድ ፎር ስፒድም ዲያብሎ ቪቲንና ፌራሪ 512 ቲአርን። ግራን ቱሪስሞ እና ፎርዛ ብዙ መኪና ያላቸው፣ ለጆይስቲክ የተመቹ ናቸው፤ ዲኖን ለመሳሰሉ አሮጌ መኪኖች ወደ እነሱ እሄዳለሁ። እዚህ የጻፍኩትን በትክክል ለመለማመድ ግን አሴቶ ኮርሳን አስቀድማለሁ። የሠራው ኩኖስ ሲሙላዚዮኒ የተባለ ጣሊያናዊ ድርጅት ነው፤ ሙሉ ጨዋታው በ2014 መጨረሻ ወጣ፤ ሞንዛ፣ ኢሞላና ሙጄሎ የተባሉት የጣሊያን የእሽቅድድም መንገዶች በሌዘር ተለክተው የገቡበት ነው። የመንገዱ እብጠትና የጠርዙ ከፍታ እውነተኛ ስለሆነ የኋላ ጎማ የት እንደሚቀል አስቀድሞ መገመት ይቻላል። ሙጄሎ የፌራሪ ንብረት ነው፤ ኮረብታ እየወጣና እየወረደ የሚሄድ፣ ከሞንዛ በኋላ የሚመጣ ትምህርት ቤት ነው። አራቢያታ የሚባሉት ሁለት ተከታታይ የቀኝ ኩርባዎች ላይ እግር ሳያነሱ ነዳጁን በልኩ መያዝ ይጠይቃል፤ የተናገርኩት ሁሉ የሚፈተንበት ቦታ ነው።

ዙራችሁ ከተሻሻለ በኋላ ቀረጻውን ክፈቱና የፔዳሎቹን እንቅስቃሴ የሚያሳየውን መስመር እዩ። ሰዓቱን ለጊዜው ተዉት። ኩርባ ውስጥ የነዳጁ መስመር ወጣ ገባ እያለ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ገና መኪናው ነው እናንተን የሚነዳችሁ። መስመሩ አንድ ጊዜ ወርዶ፣ ቆይቶ፣ አንድ ጊዜ በልስላሴ የሚወጣ ከሆነ ወደ ትልልቆቹ ለመሄድ ዝግጁ ናችሁ። በዚያን ጊዜ በ2013 ወደ ወጣው ላፌራሪ ቀጥታ አትሂዱ፤ 963 የፈረስ ጉልበት ነው፣ ቀጥታው መንገድ ሳይታሰብ ያልቅባችኋል። መጀመሪያ ፓጋኒ ሁዋይራን ሞክሩ። ከፊት ሁለት ከኋላ ሁለት የሚንቀሳቀሱ ክንፎች አሉት፤ ፍሬን ስትይዙ ከኋላ ያሉት ይነሱና የኋላው እንዳይቀል ይጫኑታል፤ በዚህ ምክንያት ፍሬኑን እየለቀቁ መታጠፉ ከጠበቃችሁት በላይ ይቀልላችኋል። ባለ 12 ሲሊንደር ሞተሩም ሁለት ተርቦ ስላለው ከኩርባ ስትወጡ በኤፍ 40 የለመዳችሁትን፣ እግርን ከጉልበቱ ማስቀደሙን፣ አትርሱ።